የእንቁላል ጥላ

ጭያቱራ ነበርን፣ ማዕድን ያጠቆረው ሸለቆ፣
የገመድ መኪናው ሰማይ መካከል ታንቆ፤
የመጀመሪያ ፊልሜ፣ ሦስተኛ ቀናችን፣
ካፖርት ደራርበን፣ ሻይ ቀዝቅዞ በእጃችን።

«እሺ» አለ ቫርላም ከካሜራው ኋላ፣ «ምን ልሥራ?»
«ሐዘን ይሁን።»
«የማን ሐዘን? በስንት ሰዓት? መስኮቱስ በየት በኩል?»
«ሐዘን ነዋ! አንተ ታውቅበት የለ? ብቻ ይመር።»

ስድሳ አልፎታል፤ ጺሙ ላይ የሲጋራ አመድ አለ፤
አራገፈውና፣ ሳይቆጣ፣ እንዲህ አለ፦
«ማቅቫላ፣ ልጄ፣ ይህ ሣጥን ሐዘን አያውቅም።
ብርሃን ያውቃል። ብርሃንም በልመና አይሞቅም።»

በአራተኛው ቀን ጎርፍ መንገዱን ቆርጦ ወሰደው፤
ሥራው ለአንድ ወር ቆመ፤ ባለገንዘቡም ስልኩን ዘጋው።
ቫርላም ያረጀ የብርሃን መለኪያውን ሰጠኝ፣
የፎቶ ካሜራና ሁለት ሌንስ፤ «ሃምሳና ሰማንያ አምስት» አለኝ፤
«አንድ እንቁላል፣ አንድ ነጭ ሳህን፣ አንድ መስኮት።
ሐዘንተኛ እስኪሆን ድረስ አንሺው፤
ከዚያ ነይና ንገሪኝ፣ ሐዘኑ በየት በኩል እንደገባበት።»

ኩታይሲ፣ የአክስቴ ቤት፣ አራተኛ ፎቅ።
እንቁላሉ ሳህን ላይ፣ እኔ ፊቱ ድርቅ።
«ትበዪዋለሽ ወይስ ታገቢዋለሽ?» አለች አክስቴ።

ጠዋት፣ ብርሃኑ ደመና ለብሶ ሲመጣ፣ የዋህ ነበር፤
ቀትር ላይ ለሁለት ተከፈለ፣ እንደ ድንበር።
አንሶላ ጋረድኩለት፣ ጥላው ለሰለሰ፤
ጥቁር ጨርቅ በግራው አቆምኩ፣
ጉንጩ ጎደጎደ፣ አለቀሰ።

ሰማንያ አምስቱን ገጥሜ ወደ ኋላ ብሸሽ፣ የማዶው ፎቅ
ተንደርድሮ መጥቶ ከጀርባው ቆመ፣ እንደማይርቅ።
በሃምሳው ብጠጋው፣ ያው ፎቅ ሸሸ፤
እንቁላሉ ብቻውን ቀረ፣ እንደ ሰው።
ቀዳዳውን ስከፍት ዓለም ሟሟ፤
ስዘጋው ዓለም ተመለሰ፣ ግን ጨልሞ።
ለካ ቫርላም «አይቻልም» ሲለኝ ሒሳብ ነበር፣
እኔ ስንፍና ነው ያልኩት።

በሃያኛው ቀን ሸተተ። አክስቴ ሌላ ቀየረችልኝ።

ስመለስ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ዐዋቂ ነኝ ባይ ሆንኩ፤
«ሰማንያ አምስት ግጠም! መብራቱን ዝቅ! ቀዳዳውን ክፈት!» እያልኩ።
ባለመብራቱ ማልኻዝ፣ መሰላል ላይ እንዳለ፣ ዓይኑን ወደ ሰማይ አዞረ።
ቫርላም መልስ አልሰጠም፤ ካሜራውን ከትከሻው አውርዶ
ትከሻዬ ላይ አኖረ።
«በዪ። አንሺው።»

አሥራ አንድ ኪሎ ብረት። ተዋናይቷ አነባች፣ እውነተኛ እንባ፤
እንቁላል አይራመድም፤ እሷ ግን አንድ እርምጃ ወደ ፊት ስትገባ
ጥርት ብሎ የቀረልኝ የበሩ እጀታ፤
እንባዋ ደብዝዞ ቀረ።
ቁጥሩን ሳይ ፊቷን አላየሁም፤
ፊቷን ማየት ደግሞ የእኔ ሥራ ነበረ።

ማንም አልሳቀም። ከላይ የገመዱ መኪና ሲጥ አለ።
ካሜራውን መለስኩለት። አጠገቡ ተንበረክኬ፦
«መስኮቱ በቀኝ ቢሆን፣ ደብዳቤውን ስታነብ
ግማሽ ፊቷን ብትደብቀን፣ ምን እናጣለን?»
አሰበ። «ከኋላዋ ያለውን ተራራ። ይሟሟል።»
«ይሟሟ። ባሏን የበላው እሱ ነው፤
ዛሬ ልታየው አትፈልግም።»

ቫርላም ከካሜራው ቀና አለ፤
እንደ አዲስ መጪ እንግዳ አየኝ።
«ይህን በመጀመሪያው ቀን ለምን አልነገርሽኝም?»
«በየትኛው ቋንቋ?» አልኩት።

ማልኻዝ ከመሰላሉ ወረደ፤
ማንም ሳያዘው
ጥቁሩን ጨርቅ በግራዋ ሰቀለ።